የወዳጅ ዕጣ

«እማ፣ ራውኖ የእኛ ነው እንዴ?»

ልጄ ሳይላ ይህን ስትጠይቀኝ ጋራዡ ውስጥ በተጋደመ ጎማ ላይ ተቀምጣ፣ እግሮቿን እያወዛወዘች ቦምቦሊኖ ትበላ ነበር። ራውኖ መኪናዬ ሥር በጀርባው ተኝቷል፤ የሚታየው ቦት ጫማው ብቻ ነው። ሲንኳኳ የነበረው መፍቻ ድንገት ጸጥ አለ። እሱም መልሴን እየጠበቀ እንደሆነ ገባኝ።

ጉንጯ ላይ የቀረውን ስኳር በእጅጌዬ ጠረግኩላትና «ኮፍያሽን ወደ ታች ሳቢው፣ ጆሮሽን መልሶ ያምሻል» አልኳት።

በዚያ ዓመት በጋ አልመጣም ማለት ይቻላል። ከሰኔ ጀምሮ ዳመናው ከፖህያንማ አውራጃችን ሜዳ ላይ አልተነሳም። የታጨደው ሣር እርሻው ላይ በሰበሰ፤ ድንቹ መሬት ውስጥ ውሃ ጠጣ። ፊንላንዳውያን ነንና ስለ ዝናቡ እንኳ ብዙ አላወራንም። ቅዳሜ ሲሆን ግን ዘነበም አልዘነበም መኪኖቻችንን በተሳቢ ጭነን ወደ እሽቅድምድም እንሄዳለን።

የእኛ እሽቅድምድም የሀብታም ጨዋታ አይደለም። አሮጌ መኪና ትገዛለህ፤ መስታወቱን አውጥተህ በቦታው የሽቦ መረብ ትወጥራለህ፤ ከዚያ በጠጠርና በጭቃ መም ላይ ትሮጣለህ። ማንም በገንዘቡ ብዛት እንዳያሸንፍ ደግሞ አንድ ሕግ አለን። ውድድሩ ሲያልቅ የትኛዋም መኪና፣ ያሸነፈችውም የተሸነፈችውም፣ ለሁሉም እኩል በሆነ ትንሽ ዋጋ ለሽያጭ ናት። የመወዳደሪያ ፈቃድ ያለው ሁሉ የግዢ ወረቀት ማስገባት ይችላል። ፈላጊ ከበዛ ዕጣ ይወጣል። አልሸጥም ያለ ፈቃዱን ይነጠቃል።

ስለዚህ ብልህ ሰው መኪናውን አይወዳትም። ልቡን የማይሰብር ነገር ሠርቶ፣ ሮጦ፣ ቢወስዱበት ሌላ ይሠራል።

አባቴ አርኔ በዚህ ረገድ ብልህ አልነበረም። ሳብ የምትባለውን አሮጌ የስዊድን መኪና ከአንድ ሰው ጓሮ፣ የዶሮ ቤት ሆና ካገለገለችበት አንስቶ፣ ክረምቱን ሙሉ እየፈታ እየገጠመ ሞተሯን እንደ ሰዓት አደረጋት። በሮቹን አረንጓዴ ቀባቸው። የቀረውን ሳይቀባ፣ በረዶው ሳይቀልጥ ልቡ ቆመ። እኔ ጨረስኳት። የሳይላ አባት ገና ሳትወለድ ሄዷል፤ እናቴም ቀደም ብላ አርፋለች። ከአባቴ በኋላ ቤቱ ውስጥ የቀረነው እኔ፣ ሳይላና ሳቧ ነን።

ራውኖን ያገኘሁት በመጀመሪያው የሴቶች ውድድር ቀን ነው። ከፊቴ የሚሮጡት መኪኖች የሚረጩት ጭቃ በመረቡ አልፎ መነጽሬን ሸፈነው። በእጄ ስጠርገው ባሰበት። እያየሁ ሳይሆን እየገመትኩ ነዳሁ፤ ከመሙ ወጥቼ ቦይ ውስጥ ገባሁ።

ስወርድ አንድ ረጅም ሰው የመኪና መጎተቻ ካቦ ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ ቆሟል።

«ጥሩ ነበር» አለኝ። «የመጀመሪያዎቹን ሁለት ኩርባዎች ማለቴ ነው።»

«የቀሩትን አላየኋቸውም።»

«እሱንማ ሁላችንም አየንልሽ።»

ሳልፈልግ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም፤ ጎንበስ ብሎ ካቦውን አሰረ። ጎትቶ ካወጣኝ በኋላ የራሱን መነጽር ከአንገቱ አውጥቶ ሰጠኝ። በመስታወቱ ላይ ስስ ፕላስቲክ ደራርቦ ለጥፎበታል።

«ጭቃ ሲሞላ አንዱን ትገነጥይና ትጥይዋለሽ። ከሥሩ ንጹሕ አለ። እንዳትጠርጊ።»

«አንተስ?»

«እኔ የማልወደውን ነገር ባላይ ይሻለኛል» አለና ሄደ።

አክስቴ ሲልቪ በየውድድሩ ቋሊማ እየጠበሰች ትሸጣለች፤ ከድንኳኗ ሆና የማታየው የለም። «የሌፒስቶ ልጅ ነው» አለችኝ፣ ሳልጠይቃት። «ረግረጉ ላይ ትራክተር ይነዳል። ሲደርቅ የሚነደውን አፈር ለማገዶ ያነሳሉ፤ ዘንድሮ ግን ምን ደርቆ ያነሳሉ? ሥራ ፈት ነው፣ አንቺ ልጅ። ሥራ የፈታ ወንድ ጥሩ ካቦ ያስራል።»

«ጎተተኝ እንጂ አላገባኝም፣ አክስቴ።»

«ቋሊማሽ ላይ ሰናፍጭ ላድርግልሽ?»

ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው አብረን ሄድን። ውድድሩ በዝናብ ሲሰረዝ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጠን ጣሪያውን የሚመታውን ጠብታ እናዳምጣለን። ሳይላ በመካከላችን ትተኛለች። ሳል በያዛት ቁጥር እደነግጣለሁ፤ ግንባሯን እዳስሳለሁ፤ ካልሲዋን እለውጣለሁ። አንድ ቀን ራውኖ ምንም ሳይል ጃኬቱን አውልቆ እግሯን ጠቀለለላት። በሸሚዝ ብቻ ሆኖ እየተንቀጠቀጠ ወደ ውጭ ያያል። ከጎን ሳየው ዓይኑን ወደ እኔ መለሰ። ሁለታችንም ዓይናችንን ቶሎ አላሸሸንም።

በሐምሌ ጋራዡ የሁለታችን ቦታ ሆነ። ስለ አባቴ ይጠይቀኛል። ስለ ሞተሩ ስነግረው ስለ አባቴ እየነገርኩት ነበር፤ የትኛው ቫልቭ ላይ ስንት ቀን እንደተጨነቀ፣ ካርቡሬተሩን እንዴት እያፏጨ እንዳስተካከለው። ለሌላ ሰው ያልነገርኩትን ነገርኩት።

«ስታወሪ ስለ ሞተር ነው» አለኝ አንድ ከሰዓት። «ስትስቂ ግን ስለ እኔ ይመስለኛል።»

«ይመስልሃል።»

«አይደለም?»

ግንባሬ ላይ ግራሶ ነክቶኝ ኖሮ በአውራ ጣቱ ሊጠርግልኝ ሞከረ። የሱ እጅ ከእኔ ግንባር ይብስ ነበርና ይበልጥ አጠቆረኝ። ሁለታችንም ስቀን ሳንጨርስ ሳመኝ። ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ እየጮኸ ስለነበር ምን እንዳለኝ አልሰማሁም። ድገምልኝ ለማለትም አፈርኩ።

መኪናዬ እየፈጠነች መጣች፤ ፈላጊዎቿም እየበዙ መጡ። ሕጉን የሚያለዝብ አንድ ልማድ ግን አለን፤ የትም አልተጻፈም። ወዳጆችህ በመኪናህ ላይ የግዢ ወረቀት ያስገባሉ። ዕጣው ለወዳጅ ከወጣ እዚያው፣ ሰው ፊት፣ ቁልፉን ይመልስልሃል። የወዳጅ ዕጣ እንለዋለን። በዚህ የቀለደ ሰው ቡና የሚያጠጣው ጎረቤት አያገኝም።

ራውኖ በየጊዜው ወረቀት ያስገባልኝ ነበር። የአክስቴ ባል ቶይቮም እንደዚያው። በሐምሌ አጋማሽ አራት ሰው ሳቧን ፈለገ። ዳኛው ከሄልሜት ውስጥ አንዱን አውጥቶ «ራውኖ ሌፒስቶ» አለ። ራውኖ ቁልፉን ተቀበለ፣ ወደ እኔ መጣ፣ ጭቃው ውስጥ በአንድ ጉልበቱ ተንበረከከ።

«እመቤቴ፣ ፈረስዎ!»

ሰው አፏጨ። ሳይላ አጨበጨበች። አክስቴ ሲልቪ ከድንኳኗ ሆና «ቱታውን ማን ሊያጥብለት ነው? ያቺው ሞኝ ናት!» ብላ ጮኸች። አጠብኩለት። ደስ እያለኝ አጠብኩለት።

በዚያ ቀን ዕጣ ካጡት አንዱ የሃካላ ልጅ ነው። ሃካላ ቫሳ ከተማ ትልቅ ጋራዥ ያለው ሰው ነው፤ ሁለቱ ልጆቹ ይወዳደራሉ፣ እሱ እጁን ኪሱ ከትቶ ያያል። ስንወጣ ሃካላና ራውኖ አጥሩ አጠገብ ቆመው ሲያወሩ አየኋቸው። ምን እንዳለው ራውኖን ስጠይቀው «ስለ ዝናቡ ነው» አለኝ። አመንኩት። እኛ ጋ ሰው ስለ ዝናብ የሚያወራው ሌላ የሚለው ሲጠፋው ብቻ ነው፤ ይህን ማሰብ ነበረብኝ።

የነሐሴው ውድድር ትልቁ ነበር። መሙ ጭቃ ብቻ አልነበረም፤ ቦታ ቦታ ሐይቅ ሠርቷል። ፕላስቲኩን እየገነጠልኩ፣ እየጣልኩ፣ በመጨረሻው ዙር ሁለት መኪና በውጭ በኩል አለፍኩ። አንደኛ ወጣሁ። በሕይወቴ በምንም ነገር አንደኛ ወጥቼ አላውቅም። ስወርድ ሳይላ ከነጭቃዬ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ ራውኖ ሁለታችንንም አንድ ላይ አቀፈን። ልቡ ሲመታ ይሰማኝ ነበር። በደስታ መሰለኝ።

ስድስት ወረቀት ገባ። ሁለቱ የሃካላ ልጆች ናቸው። ዳኛው ሄልሜቱን ነቀነቀ። የሳይላን እጅ ጨብጬ ስለነበር «እማ፣ አመመኝ» አለችኝ።

«ራውኖ ሌፒስቶ።»

ሰው አጨበጨበ። ቶይቮ ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ። ራውኖ ቁልፉን ተቀበለ። እንዲንበረከክ ስጠብቅ ቁልፉን ኪሱ ከተተው።

«ሄልካ፣ ሜዳው ተበላሽቷል» አለኝ። ወደ ትከሻዬ ነበር የሚያየው። «ያንቺ መኪና ዛሬ ተሳቢ አይጎትትም። እኔ በትልቁ መኪና አወጣታለሁ። ነገ ከምሳ በፊት ይዣት እመጣለሁ። ልጅቷ እንዳይበርዳት፣ ሂዱ።»

ስለ ልጄ ብርድ አሰበ ብዬ ዓይኔ እንባ ሞላ። የሳይላን ኮፍያ ሳመውና ሄደ።

እሁድ ማለዳ ተነስቼ ሄል የገባበት ጥቅልል ዳቦ ጋገርኩ፤ ይወደዋል። ሳይላ መስኮቱ ጋ ወንበር አስጠግታ ቆመች። ምሳ ደረሰ፣ አለፈ። ስልኩ አይነሳም። ዝናቡ መንገድ ላይ እንዳንሸራተተው ታየኝ። ተሳቢ ሲገለበጥ፣ መኪና ቦይ ውስጥ በጣሪያው ሲተኛ ታየኝ። የያዝኩትን ድስት ጥዬ ፖሊስ ጋ ደወልኩ። በቫሳ መንገድ አደጋ ደርሶ እንደሆነ ጠየቅኩ። የሚያነጋግረኝ ሰው መዝገቡን ሁለት ጊዜ አይቶ «አልደረሰም፣ እመቤት» አለኝ። ሐኪም ቤትም ደወልኩ። መኪናዋ ብትሰባበር ግድ የለኝም፣ እሱ ብቻ ይትረፍ ብዬ ለመንኩ። ጮክ ብዬ ነው የለመንኩት፤ ሳይላ ዞር ብላ አየችኝ።

በማግስቱ ቶይቮ ከቫሳ ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ ወጥ ቤት ገባ።

«አረንጓዴ በር ያላት ሳብ ስንት አለች?» አለኝ።

«አንድ።»

«ሃካላ ግቢ ናት።»

ሳይላን አክስቴ ጋ ትቼ ሄድኩ። ሃካላ ግቢ ስደርስ በሮቿን ነጭ እየቀቧቸው ነበር። ራውኖ በአዲስ ቱታ፣ ደረቱ ላይ የጋራዡ ስም የተጻፈበት፣ ከውስጥ ወጣ። ሲያየኝ ቆመ። ልሰድበው ያዘጋጀሁትን መንገድ ሙሉ ስለማመድ መጥቻለሁ። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ደህና ነህ» አልኩት። «ሞተህ ይሆናል ብዬ ፖሊስ ጋ ደወልኩ።»

ፊቱ ተለወጠ። ይህን አልጠበቀም።

«ሄልካ… ሕጉን አልጣስኩም። ዕጣው የወጣው በስሜ ነው።»

«ስለ ሕግ ማን ጠየቀህ?»

«በጋውን ሙሉ አልሠራሁም። አንድ ሳምንት እንኳ! ሃካላ ሳቧን ካመጣህ ሥራ አለህ አለኝ። የምነዳው እኔ ነኝ፣ ከትልልቆቹ ጋር። መኪና ናት እኮ። ሌላ እንሠራለን።»

«እንሠራለን? አንተና ማን?»

ከውስጥ የቀለም መርጫው ይጮኻል።

«ብትጠይቀኝ እኮ እሰጥህ ነበር» አልኩት። «አልቅሼ፣ ግን እሰጥህ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለኝ በጣም ቀስ ብሎ። «ለዚህ ነው ያልጠየቅኩሽ። እሺ ካልሽኝ በኋላ ዕድሜ ልኬን እሺ ያልሽኝ ሰው ሆኜ መኖር ነበረብኝ። ዕጣ ግን ማንንም አያመሰግኑበትም።»

ይህን ሲናገር አልዋሸኝም። ከሁሉ የቆጨኝ ይህ ነው። መዋሸቱን ጨርሶ፣ የፈለገውን ሁሉ ወስዶ፣ ያኔ እውነቱን ነገረኝ።

ቤት ስገባ ሳይላ «የት ነው?» አለችኝ። «ሥራ አግኝቷል» አልኳት። «ጥሩ ነው?» አለች። «ለእሱ ጥሩ ነው» አልኩና ፊቴን ወደ ዕቃ ማጠቢያው አዞርኩ። የደረቀውን ዳቦ ለወፎች በተንኩት።

አክስቴ ሲልቪ «ነግሬሽ አልነበር?» አላለችኝም። ቁጭ ብላ የሳይላን ካልሲ ጠገነች። ስትወጣ ብቻ «መስከረም ላይ የመጨረሻው ውድድር እዚሁ ነው» አለችኝ። «እሱ ሳቧን ይዞ ይመጣል። አንቺም ፈቃድ አለሽ።»

በዚያ ቅዳሜ ዝናቡ ከወትሮው ቀጠነ እንጂ አላቆመም። ራውኖ ነጭ በር ባላት መኪና ገባ። ድምጿን ከሩቅ አወቅኩት፤ ከሁሉ የሚለየው የአባቴ ሞተር ነው። በደንብ ነዳት። እንዲሸነፍ ተመኝቼ ነበር፤ የመጨረሻውን ኩርባ ሲዞር ግን እጄ ሳላዘው መሪ እንደሚያዞር ታጠፈ። አሸነፈ።

የግዢ ወረቀቴን አስገባሁ። ሰው መንገድ ለቀቀልኝ፤ ማንም አልቀለደም። ገንዘቡን ለሳይላ የክረምት ልብስ ካስቀመጥኩት አዋጥቼ፣ ከአክስቴም ጨምሬ ነው የመጣሁት። የሃካላ ልጆችም የወዳጅ ወረቀታቸውን አስገቡ። በመጨረሻ አንዲት የማላውቃት ልጅ፣ ጠጉሯ ራስዋ ላይ የተጣበቀ፣ ከኮኮላ ከተማ በኩል የመጣች፣ እየሮጠች ደርሳ አስገባች።

ራውኖ ወደ እኔ መጣ። ሄልሜቱን በክንዱ አቅፎታል።

«ወረቀትሽን አውጪው፣ ሄልካ። እለምንሻለሁ።»

«ለምን?»

«ሃካላ መኪናዋ ከወጣች አንተም ውጣ ብሎኛል።»

ዓይኑን አየሁት። ያ ጃኬቱን አውልቆ የተንቀጠቀጠው ሰው ውስጡ ነበር፤ አልጠፋም። ቢጠፋ ይቀለኝ ነበር።

«እኔ ጋ ጥሩ ካቦ አስረህ ነበር» አልኩት። «ወረቀቴን አላወጣም።»

ዳኛው እጁን ሄልሜቱ ውስጥ ከተተ። ወረቀቱ ረጥቦ ስለነበር ለመዘርጋት ጊዜ ወሰደበት። በዚያች ጊዜ መኪናዋ ጋራዣችን ገብታ፣ ሳይላ ጎማው ላይ ተቀምጣ፣ ሁሉም ነገር አባቴ እንደተወው ሆኖ ታየኝ።

«ታይና ሮንኮ» አለ ዳኛው።

የኮኮላዋ ልጅ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሃካላ ምራቁን ተፋ፤ ለራውኖ አንድ ቃል ተናገረና ልጆቹን ይዞ ወጣ። ራውኖ ቁልፉን አውጥቶ ለልጅቷ ሰጠ። ሕግ ነው።

ልጅቷ መኪናዋን ዞራ ዞራ አየቻት። ቆይታ፣ አፍራ፣ ወደ እኔ መጣች።

«የሠራችኋት እናንተ ናችሁ አሉኝ። በእርጥበት ጊዜ ለመነሳት ታስቸግር ይሆን?»

ምንም አልበደለችኝም። ፈልጋት፣ ወረቀቷን አስገብታ፣ ወጥቶላት አገኘች። በዚያ በጋ ካየሁት ሁሉ ንጹሕ ነገር ይህ ብቻ ነው።

«ነይ» አልኳት። ኮፈኑን ከፈትኩ። የዕቃ ማጠቢያ ጓንት ከኪሴ አውጥቼ ኤሌክትሪኩ በሚከፋፈልበት ክዳን ላይ አለበስኩላት፤ ሽቦዎቹን በጣቶቹ አሳለፍኩ። «እንዲህ ካደረግሽ ውሃ አያገኘውም። ማለዳ ስታስነሻት አትቸኩያት። ስትቆጣ ተያት፣ ትመለሳለች። አባቴ አርኔ ይባላል፤ ሞተሩን የሠራው እሱ ነው።»

«አርኔ» አለች ልጅቷ፣ እንዳትረሳው።

ጭነን አሰርንላት። ተሳቢው በጭቃው ውስጥ እየዋኘ ወጣ። ሜዳው ባዶ ሲሆን ራውኖ ድንኳኑ ጫፍ ላይ ቆሞ ነበር።

«ወንድሜ ስዊድን መርከብ መሥሪያ ውስጥ ነው» አለኝ። «ሥራ አለ። ሳይላንም ይዘሽ… በመርከብ ቅርብ ነው። በዝግታ፣ እንደገና…»

ሳይላ እጄን ይዛ ከእሱ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ እሱ ታይ ነበር። እሺ ማለት እንዴት እንደሚያምረኝ እሱም ያውቃል። በዚያ ቅጽበት እንኳ ሸሚዙ ረጥቦ ሳየው ይበርደዋል ብዬ ተጨነቅኩ።

«አንድ ነገር ሲጠፋብህ ነው የምትጠይቀኝ» አልኩት። «ልጄን ደግሜ መስኮት ላይ አላቆምም።»

አልተከራከረም። ጎንበስ ብሎ ሳይላን ጨበጣት፣ እንደ ትልቅ ሰው። እሷም «ደህና ሁን፣ ራውኖ» አለችው።

በሳምንቱ ውስጥ ከቫሳ በመርከብ ተሻገረ። ታይና ሳቧን ወደ ኮኮላ ወሰደች። እኔና ሳይላ ቀረን።